የአባባ ኮምፒዩተርና የማስረከቢያ ቀን
(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው "ከሥራ ልምድሽ አንድ ነገር ንገሪን፣ ሃያ ደቂቃ አለሽ" አሉኝ። ስለ ሥራ ልምዴ ብናገር የማወራው እናንተም የምታውቁትን ነው፤ ተረኝነት፣ አልጋ ፍለጋ፣ የጠፋ ካርድ። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ ሌላ ነገር ላውራ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ በወላጆቼ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ለዓመታት ሲያጉረመርም ስለኖረ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር። ከኋላ ያላችሁ አትሳቁ፤ ወደ ሕክምናውም እመለሳለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ተመርቄ የተመደብኩት ወባ ያለበት ቆላ አገር ነበር። በዚያ ዘመን የስዊስ ትሮፒካል ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ማላሪያኮንትሮል የሚባል ሥራ እንደነበራቸው አንድ ቦታ አነበብኩ። አጎበር ቢታደል፣ መድኃኒት ቢቀየር፣ ክትባት ቢመጣ የወባ ስርጭት ምን ይሆናል የሚለውን በኮምፒዩተር ያሰላሉ። የገረመኝ ግን ስሌቱን የሚሠራላቸው ሱፐርኮምፒዩተር አለመሆኑ ነው። በየቤቱ ያለ ተራ ኮምፒዩተር ነው፤ ባለቤቱ ሻይ ሲጠጣ፣ ሲተኛ፣ ሥራ ፈቶ የቆመ ኮምፒዩተር። እኔ ያኔ ኮምፒዩተር ቀርቶ መብራትም አልነበረኝም። ወንድሜ ውጭ አገር ሄዶ ዴስክቶፑን ለቤተሰቡ ትቶ ሲሄድ ያ ፕሮጀክት ተዘግቶ ነበር። ዎርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ግን ነበረ፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው፣ ዛሬ ቶሮንቶ ባለው በክሬምቢል የምርምር ተቋም ሥር የሚገኘው። የቲቢ ባክቴሪያን የውጭ ሽፋን የሚያጠና ሥራ ነበረው፣ የካንሰር ምልክቶችን የሚፈልግ ሥራ ነበረው። በ2010 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫንኩት። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ይኼ ነገር ሲያጉረመርም ያድራል" ማለት አላቆመችም።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ኮምፒዩተር ዕድሜ ልኩን የማይጨርሰውን ስሌት በብዙ ሺህ ቁራጭ ይከፍሉታል። የቤት ኮምፒዩተር አንድ ቁራጭ ያወርዳል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን ይመልሳል፣ ሌላ ይወስዳል። የሚከፍል የለም። ውጤቱ እንዲታመን ብዙ ጊዜ ያንኑ ቁራጭ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይልኩታል፤ የሁለቱ መልስ ከገጠመ ይያዛል። ደጋግሞ ትክክል የመለሰ ማሽን ደግሞ ይታመንና ለብቻው ይሰጠዋል።

እያንዳንዱ ቁራጭ ታዲያ ቀን ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ብዙውን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ወላጅ ሞቶብህ ይሁን፣ ኮምፒዩተርህ ተሽጦ ይሁን፣ መብራት ሄዶብህ ይሁን ሰርቨሩ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው ቀኑ ማለፉን ብቻ ነው። ሲያልፍ ያንን ቁራጭ ለሌላ ሰው ይልከዋል። አይቆጣም፣ ደብዳቤ አይጽፍም።

የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው። ፕሮግራሙ "የስንት ቀን ሥራ አስቀድሜ ላከማች?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም የአሥር ቀን አልኩት። ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራ አይፈታ ብዬ ነው፤ ደግሞ ብዙ መውሰድ ብዙ መርዳት ይመስለኝ ነበር። ኮምፒዩተሩ ቀኑን ሙሉ የማይበራ መሆኑን፣ ማታም እማዬ ጩኸቱ ሲመራት ከሶኬት እንደምትነቅለው አላሰብኩም። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ሳየው ዝርዝሩ ላይ ቀናቸው ያለፈ 14 ቁራጮች ተደርድረዋል። ግማሾቹ ገና አልተጀመሩም። ያ ማለት 14 ጊዜ፣ የሆነ ቦታ ያለ አንድ ተመራማሪ ምንም ሊመጣለት የማይችል ነገር ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው። ባልወስዳቸው ኖሮ ሌላ ሰው በማግሥቱ ይጨርሳቸው ነበር።

አባባ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን አዩና "አንቺ ልጅ፣ ሕክምናውንም እንዲህ ነው የጨረስሽው?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒዩተሩ የእሳቸው ሆነ።

ደብተር ያዙ። የመስመር ደብተር፣ ስኩዌር ያልሆነ። በግራ በኩል የቁራጩ ስም፣ የወሰዱበት ቀን፣ የማስረከቢያው ቀን፤ በቀኝ በኩል መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓት። በግንቦት 2011 የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ በመላ አገሪቱ የመብራት ፈረቃ ሲጀመር ሰፈሩ በሙሉ ተራውን ለማወቅ አባባን መጠየቅ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩት በአባባ ደብተር ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

እኔ ደግሞ ያኔ ነው የፕሮግራሙን ብልሃት ያስተዋልኩት። ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት በርቶ እንደሚቆይ ራሱ እየመዘገበ ይማራል፤ አዲስ ሥራ ሲጠይቅም ያንን ግምት ውስጥ ያስገባል። በደህና ጊዜ ሥራዎቹን በተመደበላቸው ድርሻ እያፈራረቀ ይሠራል። ከመካከላቸው አንዱ ቀኑ ሊያልፍበት እንደሆነ ካሰላ ግን ድርሻውን ይተውና ቀኑ የቀረበውን ያስቀድማል። ይኼን ለአባባ ሳስረዳ "ታዲያ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው? እኔስ ነገ ፈተና ያለበትን ልጅ አይደል አስቀድሜ የማስጠናው?" አሉ። ክምችቱን ግን ከአሥር ቀን ወደ ግማሽ ቀን ያወረዱት እሳቸው ናቸው። የበላነው ሳያልቅ ሌላ አይቅረብ ነው ነገሩ።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት አካባቢ የአባባን ልብ የሰረቀ ሥራ መጣ። የአፍሪካ ዝናብ ፕሮጀክት ይባላል፤ የኔዘርላንዱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው ያመጡት። ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ ከ35 ሺህ በላይ ቁራጭ መሬት ከፍለው የአንድ ዓመት ዝናቡን በአንድ ኪሎ ሜትር ጥራት ማስላት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የበልግና የክረምትን ዝናብ በጠመኔ ሲያስተምሩ ለኖሩ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይኼ ሥራ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። አንዱ ቁራጭ የአንድ ቦታን የ48 ሰዓት አየር ነው የሚያሰላው፤ የሚቀጥለው 48 ሰዓት የሚጀምረው የፊተኛው ውጤት ሲመለስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲዘገይ የዚያች መሬት ዝናብ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ለሌላው ቁራጭ መዘግየት ድግግሞሽ ነው፤ ለዚህ ግን ከኋላው ያለው ሰልፍ በሙሉ ይቆማል። ሌላም ችግር ነበረው። ፕሮግራሞች የደረሱበትን በየተወሰነ ጊዜ ዲስክ ላይ ይጽፋሉ፤ መብራት ቢሄድ ከዚያ ይቀጥላሉ። የዝናቡ ሥራ የሚጽፈው አልፎ አልፎ ነው። ሦስት ሰዓት ሠርቶ ሊጽፍ ሲል መብራት ይሄዳል፤ ሦስቱም ሰዓት ውኃ በላው።

መፍትሔውን ያገኙት አባባ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ዩፒኤስ ነበረን፤ ባትሪው አርጅቶ ከ12 ደቂቃ በላይ አይቆይም። 12 ደቂቃ ለስሌት ምንም አይደለችም። ኮምፒዩተሩን "ሃይበርኔት" ለማድረግ ግን ትበቃለች። ያን ጊዜ በሜሞሪው ያለው ሁሉ እንዳለ ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ መብራት ሲመጣ ስሌቱ ካቆመበት ፊደል ይቀጥላል። ዩፒኤሱ "ጢጥ፣ ጢጥ" ሲል የ74 ዓመቱ ሰውዬ ከሶፋው ተነሥተው ሲሮጡ ማየት ነበረባችሁ። እማዬ "ለእኔ ስልክ እንዲህ ሮጠው አያውቁም" ትል ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእናንተ አልተርክም፤ እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን እዚያው ነበርን። በዚያው ወር ግን ፎልዲንግ አት ሆም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በስታንፎርድ የተጀመረው የፕሮቲን ጥናት፣ ሰው እየጎረፈለት በሰከንድ ከቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት የሚሠራ ኃይል አገኘ። የመጣው ሰው ብዛት ሰርቨሮቹ ከሚያዘጋጁት ቁራጭ ስለበለጠ ኮምፒዩተሮች ሥራ አጥተው ቁጭ አሉ። እነሱም እንደ ዝናቡ ሥራ ሰንሰለት ናቸው፤ ቶሎ ለመለሰ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

እኔ ለሳምንታት ቤት አልገባም ነበር፤ ወላጆቼን ላለማስያዝ። በስልክ ነበር የምንገናኘው። አባባ "ደህና ነሽ ወይ" ካሉ በኋላ ስለ ዋርዱ ጠይቀው አያውቁም። ይልቅ "ሐሙስ የሚደርሱ ሁለት አሉን" ይሉኛል። ያ ነገር ምን ያህል እንዳሳረፈኝ እስከ ዛሬ ለእሳቸውም በትክክል አልነገርኳቸውም። የመከላከያ ልብሱን አውልቄ፣ ፊቴ ላይ የመነጽሩ ምልክት ታትሞ፣ የዝናብ ነገር እሰማለሁ።

በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ። ቤት ውስጥ ሁለት የዝናብ ቁራጮች አልቀው ተቀምጠዋል። መላኪያ የለም። አባባ በስልክ ቀን ይቆጥሩልኝ ነበር፦ ሦስት ቀን ቀራቸው፣ አንድ ቀን ቀራቸው፣ አለፉ። ለእኔ ግን በዚያ ሰሞን ሌላም ያለፈ ነበር፤ ሦስት ሕመምተኞች በአንድ ሌሊት። "ይለፍ አባባ" አልኳቸው፤ ትንሽ በቁጣ። እሳቸው ግን ፋይሎቹን አልሰረዙም። በሐምሌ መስመሩ ሲመለስ ላኳቸው። አንዱን ሌሎች ጨርሰውት ስለነበር አልተቆጠረም። ሁለተኛው ግን ተቆጠረ። ከእኛ በኋላ የተላከላቸው ሰዎችም ሳይመልሱ ቀርተው ኖሮ ያች ቁራጭ መሬት እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር። የየት አገር መሬት እንደነበረች አናውቅም። አባባ የዳንግላ ሰው ስለሆኑ የዳንግላ ነች ብለው ወሰኑ።

አሁን ወደ ሕክምናው ልመለስ፤ ቃል ገብቼ የለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሬዚደንት የጥናቱን ረቂቅ እንዳነብለት ሰጠኝ። በጥቅምት ነው የሰጠኝ። "በደስታ" አልኩት። በዚያው ወር ከሌሎች ሦስት ተቀብያለሁ፤ ሁሉንም በደስታ። በኅዳር ጠየቀኝ፣ "በዚህ ሳምንት" አልኩት። በጥር ጠየቀኝ። ከዚያ አልጠየቀኝም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። እኔም ሳልመልስለት፣ አልችልም ብዬም ሳልነግረው ሰኔ ደረሰ። የመከላከያው ቀን አለፈና እስከሚቀጥለው ዙር ጠበቀ። የአንድ ዓመት ዕድሜውን ወሰድኩበት። ለሌላ ሰው ቢሰጥ ኖሮ በሁለት ሳምንት ይነበብለት ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለህ ይቅርታ አድርግልኝ፤ በግል ልልህ ሞክሬ ድፍረት አጥቻለሁ።

የአባባ ፕሮግራም አንድ ቁልፍ አለው፤ "አቦርት" ይላል። እኛ ሐኪሞች ለሌላ ነገር የምንጠቀምበት ቃል ነው፣ እዚህ ግን "ይኼን መጨረስ አልችልም፣ ውሰዱት" ማለት ነው። ስትጫነው ሰርቨሩ ቀኑ እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ ቁራጩን ወዲያው ለሌላ ይሰጠዋል። አባባ ይኼን ቁልፍ ያለ ምንም ሐፍረት ነበር የሚጫኑት። በደብተራቸው ላይ "ተመለሰ" ብለው በቀይ ይጽፋሉ፣ ልክ "ተጠናቀቀ" እንደሚሉት። እኔ ያለ ሐፍረት ማድረግ ገና አልተለማመድኩም። ግን ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ ከሁለት ረቂቅ በላይ አልቀበልም፤ ባለፈው የካቲትም አንዱን በአራተኛው ቀን መልሻለሁ። ተማሪው ተቀየመኝ። ይቀየመኝ፤ ሌላ አንባቢ አግኝቷል። እዚህ ያላችሁ መምህራን ጠረጴዛችሁ ላይ ስንት እንዳለ እኔ አልጠይቅም።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ተነሣ። ፒያሳን ያያችሁ ታውቃላችሁ። እኛ የምንወጣበት ቀን ሲነገረን አባባ መጀመሪያ ያደረጉት ኮምፒዩተሩ ላይ አዲስ ሥራ እንዳይቀበል ማድረግ ነው፤ ዕቃ ማሰር ከመጀመራቸው በፊት። የያዘው በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻው ማታ ሁለት የካንሰር ቁራጮች ቀሩ። አንዱ አራት ሰዓት ላይ አለቀና ተላከ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነበር፤ ማስረከቢያው ገና አምስት ቀን ይቀረዋል። "ይዘነው እንሂድ፣ አዲሱ ቤት ይጨርሰዋል" አልኳቸው። ሳጥኖቹ መካከል ቆመው አሰቡ።

"እዚያ መብራት መቼ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ለሚችል ይድረሰው" አሉና ተጫኑት። መሄዱን እስኪያዩ ጠብቀው አጠፉት። ጠዋት እኔ ሞኒተሩን አቅፌ፣ እሳቸው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ድልድዩን ተሻገርን፤ መኪናው ወዲያ ማዶ ነበር የቆመው። አዲሱ ቤት መብራት የገባው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።