የተረሳው የመውጫ በር
ኮድኮቭ የሚባል ድርጅት ፕሮግራመሮች ኮዳቸው ምን ያህል እንደተፈተሸ የሚለኩበት መሣሪያ አለው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ሰርጎ ገቦች በዚያ መሣሪያ ውስጥ ተንኮል ጨመሩ፤ ተንኮሉ አንዲት የኮድ መስመር ብቻ ነበረች። መሣሪያው በደንበኞች የግንባታ ሰርቨር (ኮዱ ተገንብቶ በሚፈተሽበት ኮምፒውተር) ላይ ሲሠራ፣ እዚያ ያሉትን የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች ጠራርጎ ወደ ሌባው ሰርቨር ይልክ ጀመር። የተነቃበት ኤፕሪል 1 ነው፤ ያውም አንድ ደንበኛ ጠርጥሮ። ሁለት ወር ሙሉ!

እኛ የምንቆልፈው መግቢያውን ነው። ሌባ ግን መውጫም ያስፈልገዋል። የግንባታ ሰርቨር በሥራው የሚደውልላቸው አድራሻዎች ጥቂት ናቸው፦ የኮዱ ማከማቻ፣ ላይብረሪ የሚወርድባቸው ቦታዎች። ፋየርዎሉ ከእነዚህ ሌላ የሚወጣውን ሁሉ ቢከለክል ኖሮ፣ ያቺ መስመር ብትሠራም ምስጢሩ ከግቢው አይወጣም ነበር።

የሚፈቀዱትን አድራሻዎች ዝርዝር ማዘጋጀት ያሰለቻል፤ መጀመሪያ ሳይከለክሉ ሰርቨሩ የሚደውልባቸውን አድራሻዎች ጥቂት ቀን መመዝገብ ያቀለዋል። ደግሞ ሌባው በተፈቀደ አድራሻ በኩል ሊያሾልክ ይችላል፤ ስለዚህ መዝገቡን ከዚያ በኋላም የሚያይ ሰው ይኑር።