አይጥና ጥንቸል በዘር ይገናኛሉን?
(በልደታ ኮንዶሚኒየም ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዕረፍት ሰዓታችሁን ሠውታችሁ እኛን ለመስማት ስለ መጣችሁ በተማሪዎች ማኅበራችን ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ከአራት ኪሎ ተነሥተን ስለ አይጥ ለመናገር ልደታ ድረስ መምጣታችን አንዳንዱን ሳያስቅ አልቀረም። ነገር ግን በዚህ ኮንዶሚኒየም አይጥን የማያውቅ ቤተሰብ ይኖራል ብለን አናምንም። በረንዳ ላይ ጥንቸል የሚያሳድጉ ልጆችም አሉ። አንዲቱን በወጥመድና በመርዝ እናሳድዳለን፤ ሁለተኛይቱን ጎመን እየሰጠን እንቀልባለን። እነዚህ ሁለቱ በዘር ይገናኛሉን? ቢገናኙስ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል? የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው። ዓመታትን በምንጠራበት ጊዜ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

መልክ ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ለማስረዳት ሁለት ምስክሮች ከአገራችን እንጥራ። በገደል አለት ላይ ተኝታ ፀሐይ የምትሞቀውን ሽኮኮ ያየ ሰው «ይህች ትልቅ አይጥ ናት» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ከዛሬዎቹ እንስሳት መካከል ከሽኮኮ የቅርብ ዘመዶች አንዱ ዝሆን ነው። በአንጻሩ ጃርት ያን ሁሉ እሾህ ተሸክሞ ሳለ የአይጥ ወገን ነው። እንግዲህ ዘርን ለማወቅ ከቆዳና ከጅራት አልፎ መመርመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ በ1758 የእንስሳትን ዓለም በየወገኑ ሲደለድል ጥንቸልን ከአይጥና ከጃርት ጋር በአንድ ክፍል አስቀመጣት። በዚያው ክፍል አውራሪስንም ጨምሮበት ነበር! አውራሪስ ፈጥኖ ከዚያ ወጣ፤ የጥንቸል ጉዳይ ግን ከ240 ዓመታት በላይ አከራከረ።

የክርክሩ ሥር ጥርስ ነው። የአይጥም የጥንቸልም የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም እየቆረጠሙ ይሞርዱታል። ይህ አንድነታቸው ነው። ልዩነታቸው ደግሞ እንዲህ ነው፤ አይጥ በላይኛው መንጋጋ ያላት አንድ ጥንድ የፊት ጥርስ ብቻ ነው። ጥንቸል ግን ከዋናዎቹ ጥርሶች ኋላ ተሸሽገው የቆሙ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሏት። አይጥ ስትቆረጥም መንጋጋዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታንሸራትታለች፤ ጥንቸል ግን እንደ በግ ወደ ጎንና ወደ ጎን ታላምጣለች። እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ያነሣታል። በእርግጥም ጥንቸል መንጋጋዋ ዕረፍት የለውም፤ እንደ በሬ ያለ ባለ አራት ክፍል ጨጓራ ባይኖራትም፣ አንዴ በሆዷ ያለፈውን ለስላሳ ምግብ መልሳ በመብላት ሁለት ጊዜ ትፈጨዋለች።

ከልዩነቱ የተነሣ አሜሪካዊው ጊድሊ በ1912 ጥንቸሎች ራሳቸውን የቻሉ ወገን ናቸው ሲል ተከራከረ፤ አሳቡም ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ ጥንቸልን የአይጥ ዓይነት ናት የሚል የእንስሳት ሊቅ የለም። ነገር ግን ሁለት ቤት መሆናቸው ዝምድና የላቸውም ማለት አይደለም። ታዲያ የጥንቸል የቅርብ ዘመድ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ። የጂን ምርመራ ሲጀመርም ነገሩ ይባስ ተደናገረ፤ በ1996 አንድ የሊቃውንት ቡድን ጥንቸል ከአይጥ ይልቅ ለዝንጀሮና ለሰው ትቀርባለች ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የሚመረመሩት እንስሳት ጥቂቶች ነበሩ፤ የአይጥም ጂን ፈጥኖ የሚለወጥ በመሆኑ ከሌሎቹ የራቀች መስላ ትታይ ነበር። በ2001 ሌሎች ቡድኖች ብዙ እንስሳትንና ብዙ ጂኖችን አስተያይተው ሲመረምሩ፣ አይጥና ጥንቸል ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች መሆናቸው ተረጋገጠ። ሊኔየስ በጥርስ ብቻ የገመተው ዝምድና በጂን ተመሰከረለት።

ድንጋይም ይህንኑ ይመሰክራል። በሞንጎሊያ ጎምፎስ የተባለ የ55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅሪተ አካል ተገኝቷል፤ የኋላ እግሩ እንደ ጥንቸል ለመዝለል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሌላው አካሉ ግን ከጥንታዊው ግንድ የቀረ ጠባይ ያሳያል። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት ከዚያም አስቀድሞ ነው። ከተለያዩም በኋላ ዕድላቸው እኩል አልሆነም፤ የአይጥ ወገን ከ2000 በላይ ዝርያዎች አፍርቶ ከአጥቢ እንስሳት ሁሉ በመቶ 40 ያህሉን ሲይዝ፣ የጥንቸል ወገን መቶ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ምናልባት የማያስደስታችሁን ነገር እንናገራለን። ያው የ2001 ምርመራ ሰውንና ዝንጀሮን ያስቀመጠው ከአይጥና ከጥንቸል ጎን ነው። በሬ፣ ፈረስና ውሻ በሌላ ትልቅ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ በዘር ሐረግ፣ በራችንን ከሚጠብቀው ውሻ ይልቅ ከማድቤት የምናባርራት አይጥ ትቀርበናለች። ሕክምናም ከእነዚህ እንስሳት ብዙ ተጠቅሟል። ፓስተር በ1885 የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሰው የሰጠው ከጥንቸል ኅብለ ሰረሰር አዘጋጅቶ ነው። ዛሬም ብዙ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በአይጥ ላይ ይፈተናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የልደታ የቤት አይጥ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለችም፤ ዘሯ ከእስያ ተነሥቶ በሰው ጓዝና በእህል ጭነት ዓለምን ያዳረሰ ነው። አሮጌው መንደር ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ ሰው ቤት ለወጠ፤ እርሷም አብራ ገባች። በረንዳ ላይ ያለችውም ጥንቸል መጤ ናት፤ ዘሯ ከአውሮፓ ነው። የአገራችን የዱር ጥንቸል ሌላ ናት። የፈረንጅ ጥንቸል ግልገሎቿን ጠጉር አልባና ዕውር አድርጋ በጉድጓድ ስትወልድ፣ የዱሯ ግን ጠጉር የለበሱና ዓይናቸው የተገለጠ ግልገሎች በሜዳ ላይ ትወልዳለች። አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ባለርስቶቹን ለማየት ወደ ባሌ ተራሮች መውጣት ያስፈልጋል። በሳነቲ አምባ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኘው ግዙፍ ፍልፈል ጉድጓዱን ይቆፍራል፤ የደጋዋ ጥንቸልም በዚያው ሣር ትግጣለች። ሁለቱ የጥንት ዘመዳሞች በአንድ መስክ ይገናኛሉ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእነርሱ፣ ይልቁንም በፍልፈልና በሣር አይጥ ነው። እርሻና የከብት ግጦሽ ወደ ተራራው በወጣ ቁጥር የፍልፈሉ መሬት ይጠብባል፤ ፍልፈሉ ሲጠፋ ቀበሮው ምን ይበላል? የቀበሮው ሥዕል በየቦታው ይሰቀላል፤ የሚያኖረውን ፍልፈል ግን ማን ያስበዋል?

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበናል። ግዙፉን ፍልፈል በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሩፔል ነው፤ የደጋዋን ጥንቸል በ1963 የሰየማት ፈረንሳዊው ፔተር ነው። ሥራቸውን እናከብራለን። ከእኛም ወገን እንደ ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ያሉ መምህራን የአገራችንን አይጦች ሲያጠኑ ኖረዋል። ነገር ግን የአገሩ ስፋትና የእንስሳቱ ብዛት ሲታይ ሠራተኞቹ ጥቂቶች ናቸው። ይህን ክፍተት የሚሞላ ከእኛ ትውልድ በቀር ማን አለ?

ስለዚህ አይጥ እህላችሁን ስትበላ ዝም ብላችሁ እዩ አንልም፤ እህሉን በሚገባ ክደኑ፣ ቆሻሻውን በጊዜው አስወግዱ። የምንለው ይህ ነው፤ በማድቤት ባለችው መጤ ምክንያት በተራራ ያለውን ባለርስት አንኰንን። ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ጥንቸሏን ይዞ «ጥርሷ ለምን ያድጋል?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም በል አትበሉት። አራት ኪሎ ወዳለው የእንስሳት ሙዚየም ይዛችሁት ኑ፤ ጥያቄውንም እዚያ ይቀጥል። የሳነቲን ፍልፈል ነገ የሚያጠናውና የሚጠብቀው ከዚህ ሕንፃ የሚወጣ ልጅ ሊሆን ይችላልና።