የአትባራ የባቡር ድልድይ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በጭልጋ፣ በጎንደርና በሰሜን ተራሮች የሚዘንበው ዝናብ በጓንግ፣ በአንገረብና በተከዜ በኩል ሱዳን ገብቶ የአትባራን ወንዝ ይሞላል። አትባራ በበጋ እዚህም እዚያም ኩሬ ከመቅረቱ በቀር አሸዋ ነበር። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 ከዳርቻው ሰፍሮ ሳለ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ላይ 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ ወንዝ ይወርድ ነበር። ውኃው የሚደፈርሰው በተሸከመው አፈር ነው። አፈሩ ከማን ማሳ እንደተነሣ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር የሚዘረጋው ሐዲድ አትባራ ደረሰ። ወደ ካርቱም ለመቀጠል ግን ድልድይ ያስፈልግ ነበር፤ የሥራውን ቀን የሚወስነው ደግሞ ክረምቱ ነው። ጨረታ ሲወጣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የጠየቁት የማስረከቢያ ጊዜ ረዘመ። በ1899 መጀመሪያ ሥራው በአሜሪካ ፊላደልፊያ አጠገብ ለሚገኘው ለፔንኮይድ የብረት ፋብሪካ ተሰጠ። ፋብሪካው ብረቱን በጥቂት ሳምንታት አዘጋጅቶ በመርከብ ላከ፤ የሚገጣጥሙ ባለሙያዎችም አብረው ሄዱ። የእንግሊዝ ገንዘብና ክብር ለባዕድ ተሰጠ ተብሎ በለንደን ብዙ ንትርክ ተነሣ። ሆኖም የዘገየ ብረት ምን ያደርጋል? ማዳበሪያ ዘር ካለፈ በኋላ ሲደርስ የሚሆነውን አባላት በሚገባ ያውቁታል።

እያንዳንዳቸው 45 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሰባት የብረት አካላት በምሰሶዎች ላይ ተዘረጉ። ጄኔራል ኪችነር ኦገስት 26 ቀን 1899 ድልድዩን መርቆ ሲከፍት ወቅቱ የጎርፍ ጊዜ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሐዲዱ ካርቱም ፊት ለፊት ደረሰ።

ድልድዩ የተሠራው ለገዥ ጦር እንጂ ለገበሬ አልነበረም። ነገር ግን በ1906 ከአትባራ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው መስመር ሲመረቅ የንግድ በር ሆነ። በ1912 ሐዲዱ ኤል ኦቤይድ ከደረሰ በኋላ፣ የኮርዶፋን ገበሬ ከግራር የለቀመው ሙጫ በባቡር ተጭኖ፣ ክረምት ከበጋ ሳይል በዚሁ ድልድይ ላይ እያለፈ ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ጀመር።