ውሻ በበላበት ይጮኻል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ፣ በኮሶዬ፣ ስለ ውሻ አያያዝና ሥልጠና የቀረበ ንግግር)

በምሥረታ በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነገሩ የተለመደ ነው። ስለ ውሻ መነገሩ ግን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በኮሶዬ ደጋ ገብሱን ከጭላዳ፣ በጉን ከቀበሮና ከጅብ በመጠበቅ ገበሬውን የሚያግዘው ውሻ ነው። ይኸው ውሻ በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ የቤተሰቡን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

እንደሚታወቀው በብዙ ቤት ውሻ የሚገራው በዱላና በድንጋይ ነው። «ካልተመታ አይፈራም፣ ከጠገበ አይጠብቅም» የሚሉም አይጠፉም። አባቶች ግን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለዋል። ውሻን ከቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ዱላው ሳይሆን ጉርሻው መሆኑን ተረቱ ራሱ ይናገራል።

ሳይንሱም ይህንኑ ያረጋግጣል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት መነሻነት፣ እንስሳ መልካም ውጤት ያስገኘለትን ድርጊት እንደሚደጋግም አስረድቷል። በፖርቱጋል በ92 ውሾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናትም፣ በቅጣት የሚሠለጥኑ ውሾች በሽልማት ከሚሠለጥኑት ይበልጥ እንደሚጨነቁ አሳይቷል።

ዘዴው ለውሻ ብቻ የሚሠራ አይደለም። አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ትላልቅ አይጦችን በምግብ ሽልማት ብቻ ያሠለጥናል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ማጋዋ በካምቦዲያ ከ100 በላይ የተቀበሩ ፈንጂዎችንና ያልፈነዱ ተተኳሾችን አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እንዲህ የሠለጠኑ አይጦች በአዲስ አበባም የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ በማሽተት ለመለየት ሥራ ላይ ውለዋል። አይጥ ያለ ዱላ ይህን ያህል ከተማረ፣ ከሰው ጋር የኖረው ውሻ እንዴት አይማር?

ዱላ የሚከሽፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጠዋት ዕንቁላል የሰረቀ ውሻ ማታ ቢመታ የተመታበትን ምክንያት አያውቅም። ተጠርቶ ዘግይቶ ሲመጣ የሚደበደብ ውሻ የሚማረው መምጣት እንደሚያስመታ ነው። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻም ማስጠንቀቁን ትቶ በድንገት መንከስ ይጀምራል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚታየው በክትባት ቀን ነው። የሰው እጅ ሲነሳ ዱላ ብቻ ያየ ውሻ አይያዝም፤ ይሸሻል ወይም ይናከሳል፤ ሳይከተብም ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል። ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሲሆኑ፣ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ ግን የበሽታውን ሥርጭት መግታት ይቻላል።

ስለሆነም እያንዳንዱ አባል የሚከተሉትን በቤቱ ቢፈጽም መልካም ነው።

1ኛ. ውሻው በጎ ሲሠራ ቁራሽ እንጀራ ወይም ዳቦ ወዲያውኑ፣ በዚያው ቅጽበት ይሰጠው። ከዘገየ ትርጉም ያጣል።

2ኛ. «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» የሚሉት ቃላት በቤተሰቡ ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ይሁኑ።

3ኛ. ሲያጠፋ ከመምታት ይልቅ የሚያጠፋበትን ነገር ማንሳት ይሻላል፤ ዕንቁላሉን ከቆጥ ቶሎ መሰብሰብ፣ ሥጋውን ከፍ አድርጎ መስቀል።

4ኛ. መያዝን ደረጃ በደረጃ ይልመድ። መጀመሪያ አንገቱን መንካትና ማጉረስ፤ ቀጥሎ ገመድ ማሰርና ማጉረስ፤ በመጨረሻም ለጥቂት ጊዜ ይዞ ማቆየትና ማጉረስ። ይህ በቡችላነቱ ቢጀመር ይቀላል፤ ሲመታ የኖረ ውሻ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ማለማመዱም የአዋቂ እንጂ የሕፃናት ሥራ አይሁን።

ከቀበሌና ከወረዳ አመራሮች የሚጠበቀው ደግሞ የክትባቱን ቀን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ነው። መሠረታዊ ማኅበራቱም ቀኑን በስብሰባቸው ቢያስታውቁ አባሉ ውሻውን አለማምዶ ይጠብቃል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ውሻ ሲያባርር አይውልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ቢነከስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ኅብረት ሥራ የቆመው በመተማመን ላይ ነው፤ አባል ማኅበሩን የሚያምነው ጥቅሙን ሲያይ ነው። ውሻም እንዲሁ ነው። ለአንድ ውሻ ሥልጠና የሚወጣው ወጪ በቀን ጥቂት ቁራሽ እንጀራ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የሕፃናትን ሕይወት ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ!