ለጫኝና አውራጅ ሠራተኛ ተስማሚ ጫማ ስለ መምረጥ

(በአምባ ጊዮርጊስ ለእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ እህሉ መጠን፣ ስለ ከባድ መኪናውና ስለ መንገዱ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። እህሉን ከመኪና አውርዶ መጋዘን ስለሚያስገባው ሰው እግር ግን የተነገረው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬም በዚሁ ላይ ያተኮረ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚጓዘው እህል የሚያልፈው በዚህችው በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ጃን አሞራና በየዳ በድርቅ በተጎዱ ጊዜም የጎንደሩ መንገድ ይኸው ነበር። በጉዞው ሁሉ ጆንያው የሚወርደውና የሚጫነው በሰው ትከሻ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ በቀን 200 ጊዜ የተሸከመ ሰው 100 ኩንታል በእግሩ ላይ አሳልፏል ማለት ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ በረባሶ ወይም ኮንጎ ጫማ የተጫማ፣ ምናልባትም አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ ነው። ጣቱ ቢቀጠቀጥ የቀን ምንዳው ይቀራል፤ ትናንት እህል ሲያወርድ የነበረውም ነገ እህል ከሚጠባበቁት ሰልፍ ይገባል።

ስለሆነም ጫማ ሲገዛ አራት ነገሮች ይታዩ።

አንደኛ፣ ጫፉ። ዓለም አቀፉ ደረጃ የጫማው ጫፍ 200 ጁል እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ይኸውም 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅበት ማለት ነው። ጣትን የሚያደቅቀው ጆንያው ብቻ አይደለም፤ የመኪናው የኋላ መዝጊያና የእጅ ጋሪው ጎማ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ ሶሉ። በሲሚንቶ ወለል ላይ የፈሰሰ ስንዴ እንደ ጨሌ ያንከባልላል፤ የክረምቱ ዋልካ ደግሞ ጥልቀት የሌለውን የሶል ጥርስ ይደፍናል። ስለዚህ ጥርሱ ጥልቅና ሰፋ ያለ፣ ተረከዝ ያለው፣ ሚስማርም የማይበሳው ይሁን። ይሁን እንጂ የትኛውም ሶል የመጥረጊያን ሥራ አይተካም።

ሦስተኛ፣ ቁመቱ። ጆንያ የተሸከመ ሰው እግሩ የሚያርፍበትን አያይም፤ ስለዚህ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ያስፈልገዋል። ቦቲ ለውሃና ለጭቃ ይበጃል እንጂ ቁርጭምጭሚትን አይደግፍም።

አራተኛውና ዋነኛው ልኩ ነው። በአንድ መጋዘን ጫማ ሁሉ በአንድ ቁጥር ተገዝቶ ሲታደል አይቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ ጫማው ገበያ ላይ ተገኘ፤ ኃላፊውም ሠራተኞቹን በምስጋና ቢስነት ወቀሰ። አንዱን ብጠይቀው የቆሰለ ተረከዙን አሳይቶኝ፣ «ጌታዬ፣ የሚነክሰኝን ጫማ ምን ላድርገው?» አለኝ። ጥፋቱ የገዢው እንጂ የሻጩ አልነበረም። ዘመኑን በክፍት ጫማ ያሳለፈ ገበሬ እግሩ ሰፊ ነው። ስለዚህ እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም እግሮች ይለኩ። የወገራ ማለዳ ብርዳም ስለሆነና ብረትም ብርድ ስለሚያስተላልፍ፣ ወፍራም ካልሲ ተደርጎ ይሁን። ከዚያም ሰውየው ጆንያ ተሸክሞ ቁልቁል ይራመድ፤ ጣቱ ብረቱን ከነካ ጫማው ጠቦታል፤ ተረከዙ ከተነሣ ሰፍቶታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስተምር ያዛል። «እነዚህ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ነገ ይሄዳሉ» የሚል መልስ ይሰማል። ነገር ግን ጆንያው ሲወድቅ ቋሚውን ከጊዜያዊው አይለይም። ስለሆነም የጫማው ወጪ ከእህሉ የማጓጓዣ ወጪ ጋር ታስቦ ይያዝ። ጫማው በየሰው ስም ይመዝገብ፤ አንዱ የሌላውን አይጫማ። የረጠበም እንደሆነ ገለባ ተጠቅጥቆበት በነፋስ ይድረቅ እንጂ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ እሳት ዳር አይቀመጥ።

ክቡራን ሆይ፣ በምንልከው ሪፖርት የኩንታሉን ቁጥር እንጽፋለን። ከእንግዲህ ከጎኑ፣ ያን እህል ሲያወርዱ የተጎዱትን ሰዎች ቁጥር እንጻፍ። ያን ጊዜ የጫማው ዋጋ ውድ መስሎ አይታየንም።