የእኩልነት በዓልና የሙስሊሙ ድርሻ
(በራዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮች! በፈላና በር ገብቶ እስከ ፈረስ መጋላ የሚዘልቅ ሰው ከጁገል መስጂዶች አዛን ይሰማል፤ አደባባዩ ላይ ደግሞ የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። እንዲህ ባለች ከተማ የምንኖር ሙስሊሞች የመብትና የእኩልነት በዓል ሲከበር ከሌላው እምነት ተከታይ ጋር አብረን እንጠራለን። «ብንሄድ ዲናችንን ይነካብን ይሆን?» የሚል ጥያቄም በየቤቱ ይነሳል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው አምልኮንና የጋራ ኑሮን በመለየት ነው። በሌላ እምነት የአምልኮ ሥርዓት አንካፈልም። ለፍትሕ መቆም ግን ዲናችን ያዘዘን ነው።

ሒልፈል ፉዱልን እናስታውስ። ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ መካ ውስጥ የሸቀጡን ዋጋ ተከለከለ። የመካ ሰዎች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ከተበደለው ጎን ሊቆሙ ተማማሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት በዚያ ተገኝተዋል። በኋላም በእስልምና ለመሰል ጉዳይ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የተማማሉት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ጉዳዩ ግን ሐቅ ነበር።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ለሙስሊሙ እኩልነት ሰልፍ ወጣ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል፣ በዓሎቻችንም እንዲከበሩ ተጠየቀ። በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም ነበሩ። በ1967 ዓ.ም ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የመንግሥት በዓላት ሆኑ። ዛሬ ሠራተኛው ከሥራ ቀረህ፣ ተማሪው ከትምህርት ቀረህ ሳይባል ዒድን የሚሰግደው ከዚህ የተነሳ ነው።

ታዲያ የእኛ ሐቅ ሲጠየቅ ጎረቤታችን አብሮን ከወጣ፣ የእሱ ሐቅ ሲነሳ ቤት መቀመጥ ያምርብናልን? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን የሰጠው ለሁሉም ነው። አላህም በሱረቱል ሙምተሒና፣ በሃይማኖታችን ላልተዋጉንና ከአገራችን ላላስወጡን መልካም መዋልንና ፍትሕን ማድረግን እንዳልከለከለን ነግሮናል።

ስንሄድ ግን ሥርዓታችንን ይዘን እንሂድ። የሰላት ወቅት ሲደርስ እንስገድ። ሙስሊም ያረደው ለብቻ መሰናዳቱን አስቀድመን እንጠይቅ፤ አገሬው የለመደው ስለሆነ የሚቀየመን የለም። መጠጥ ካለበት ማዕድ እንራቅ። የጸሎት ሥርዓት ከተጀመረም በአደብ ገለል እንበል። ከበዓሉ በኋላም በሠፈራችን የተበደለ ሰው ካለ፣ እምነቱን ሳንጠይቅ ከጎኑ እንቁም። የበዓሉ ቁም ነገር ይኸው ነውና።

አላህ ሐቅን ከሚያከብሩት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።