እርሾ ለከብት መኖ ስለሚሰጠው ጥቅም
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



እርሾ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ጠላውንና ዳቦውን ነው። ነገር ግን እርሾ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ስለ ሆነ ሌላም ብዙ ሥራ አለው። በስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ማለት ከሞላሰስ፣ ለመኪና ነዳጅ የሚሆን አልኮል ያወጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮም የጉበት በሽታ መከላከያ ክትባት በእርሾ ይሠራል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ለከብቶቻችሁ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው።

ከ100 ኪሎ ደረቅ የቢራ እርሾ 45 ኪሎ ያህሉ ፕሮቲን፣ ማለት ሥጋና ወተት የሚሆን ገንቢ ምግብ ነው። በጭድ ውስጥ ያለው ግን ከ100 ኪሎ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጀርመኖች ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ከውጭ የሚመጣው መኖ ሲቋረጥባቸው እርሾን በሞላሰስ እያራቡ ለከብት አበሉ።

እንግዲህ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን እርሾ ስትገዙ አስቀድማችሁ አስቡ። አብዛኛው ውሃ ነው፤ በ10 ሊትር ውስጥ ያለው ደረቅ እርሾ ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ከሩቅ ለማስመጣት የምትከፍሉት ኪራይ ትርፉን እንዳይበላው ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ እርሾውን በሕይወቱ አታጠጡ። በከብቱ ሆድ ውስጥ መፍላቱን ይቀጥልና ጋዝ ያበዛል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ቶሎ ካልተረዳም ከብቱ ይሞታል። ስለዚህ፦

1ኛ. እያማሰላችሁ አፍሉት፤ ከዚያም አቀዝቅዙት።
2ኛ. በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ከጭድና ከፉርሽካ ጋር ስጡ፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። እርሾ የጭድን ቦታ አይተካም።
3ኛ. በጥቂት ቀን ስለሚበላሽ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ አምጡ። የሸተተውንና የሻገተውን ድፉት።

የቤታችን አተላም እንደዚሁ ነው። የአረቄ አተላ በእሳት ላይ ስለ ዋለ እርሾው ሞቷል፤ አቀዝቅዞ መስጠት ይበቃል። የጠላ አተላ ግን እሳት አላየም፤ እርሾው ሕያው ነው፤ አልኮልም አለበት። እርሱንም ብታፈሉት እርሾው ይሞታል፤ አልኮሉም ይቀንሳል።

ለማፍላት የምታወጡት እንጨት ጥቂት ነው፤ የምታድኑት ግን የወተት ላማችሁን ወይም የእርሻ በሬያችሁን ነው።